ከፎገራ ሲነሱ ማን ይቆጥራቸዋል?

ሰሞኑን የጠፋሁት በደኅና ነው። አንድ ስልክ ተደውሎልኝ እሱን ሳብሰለስል ነው የከረምኩት። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፣ ጊዜ ያጠረው ደግሞ አስቀምጦ ማታ ይመለስበት።

የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ወረታ ሳለሁ ያስተማርኩት፣ አሁን እስራኤል የሚኖር ልጅ ደወለ። ቀይ ባሕር ጫፍ ላይ ኤላት በምትባል ከተማ ሆቴል ውስጥ ይሠራል። ሰላምታው እንዳለቀ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ሰዎች ተራራ ላይ ወንበር ዘርግተው ሰማይ ሰማይ እያዩ ይውላሉ» አለኝ። ምን ሆነው? ብለው፣ «ንስር ይቆጥራሉ። አንዷን ከየት ነው የሚመጡት ብዬ ብጠይቃት፣ ከአፍሪካ፣ ከኢትዮጵያም ጭምር አለችኝ። እኔም ከዚያው ነኝ አልኳት» ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ከእኛ ጋ ሲነሱስ የሚቆጥራቸው አለ?»

ዝም አልኩ። የታሪክ መምህር ነኝ፤ ጥያቄ ሲመጣ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ያን ቀን ግን ዝም አልኩ። ይኼ ጽሑፍ የዚያ ዝምታ ዕዳ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በአውሮፓና በእስያ በረዶ ሲመጣ ብዙ ወፎች ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ። ከነዚህ መካከል ዳክዬና ሽመላ ብቻ ሳይሆን አዳኞቹም አሉ፦ ንስሩ፣ ጭልፊቱ፣ ጥንብ አንሳው። እኛ ጋ የሚደርሱት ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። የሚመለሱት ደግሞ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ። ፈረንጆቹ የመመለሻውን ጊዜ ጸደይ ይሉታል፤ እኛ ጋ ጸደይ መቼ ነው የሚለው ክርክር ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ስለሚፈልግ አልገባበትም። የፎገራ ገበሬ ግን ያለ ካላንደር ያውቀዋል። መስቀል ሲያልፍ ይመጣሉ፣ ሁዳዴ ሲጋመስ ሰማዩ ይራቆታል።

ንስር ትልቅ ወፍ ነው፤ ክንፉን እያማታ ሩቅ አገር ልሂድ ቢል ጉልበቱ አይበቃውም። ስለዚህ ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ወደ ላይ የሚነሳውን ሙቅ አየር ይጠብቃል። በዚያ አየር ላይ እየተሽከረከረ እንደ መሰላል ይወጣል፣ ከላይ ሲደርስ ክንፉን ዘርግቶ ወደሚሄድበት ይንሸራተታል፣ ዝቅ ሲል ሌላ ሙቅ አየር ይፈልጋል። ረፋድ ላይ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው መንገድ ዳር ቆማችሁ ወደ ሜዳው ብታዩ ይኼን ታዩታላችሁ። ባሕር ላይ ግን ይህ መሰላል የለም፤ ውሃ እንደ መሬት አይግልም። ስለዚህ አዳኝ ወፎች ሰፊ ባሕር ፈርተው መሬት ለመሬት ይሄዳሉ፣ መሻገር ግድ ሲሆንባቸው ደግሞ ጠባቡን ይመርጣሉ። ለኛ ወፎች በሩ ሁለት ነው። አንዱ ጅቡቲና የመን የሚተያዩበት ባብ ኤል መንደብ፣ ሌላው በስተሰሜን የስዊዝና የሲና በር። ኤላት ያለችው በሁለተኛው መንገድ ላይ ነው።

በዚህ ምክንያት ነው ሰዎቹ እዚያ ወንበር የሚዘረጉት። መላ አገር የተበተነ ወፍ አንድ ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ ነው የሚቆጠረው። እ.ኤ.አ. በ1985 ጸደይ ኤላት ላይ የተቀመጡ ቆጣሪዎች፣ አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ የመጡ ሰዎች፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳኝ ወፎች መዘገቡ። ከነሱ ውስጥ 75,053ቱ የስቴፕ ንስሮች ነበሩ። ስቴፕ የሚሉት ከሩሲያ እስከ ሞንጎሊያ የተዘረጋውን የእስያ ሣር ሜዳ ነው፤ ንስሩ እዚያ ይፈለፈላል፣ እኛ ጋ ይከርማል። ሁሉም ከፎገራ ናቸው አላልኩም፤ እንዲህ ብል ባዮሎጂ የሚያስተምሩ ወዳጆቼ ይጮሁብኛል። ከሚሊዮኑ አብዛኛው ተርብ የሚበላው ሃኒ ባዛርድ ነው፣ እሱ የሚከርመው በመካከለኛውና በምዕራብ አፍሪካ ደን ነው። ንስሮቹ ግን ከምሥራቅ አፍሪካ ከሚነሱት ናቸው፣ ከኛ ሰማይ ያለፉም አሉባቸው። ከወረታ ኤላት በቀጥታ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ዓመቱን ልብ በሉልኝ። 1985። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው «ዘመቻ ሙሴ» የተባለው፣ ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን በአውሮፕላን የማውጣት ሥራ የተቋረጠው። ከጎንደር ገጠር በእግራቸው ወጥተው፣ በሱዳን መጠለያ ብዙ ሰው ቀብረው፣ ወደ 8,000 የሚጠጉት እስራኤል ገቡ። እነሱ በገቡ በሁለት ወሩ ከነሱ አገር የተነሱ ንስሮች በላያቸው አለፉ። ማንም አገናኝቶ አልጻፈውም፤ ለምን ይጻፈው? እኔም ያገናኘሁት ያ ልጅ ስለደወለ ነው። የሱ ቤተሰብ የሄደው ከዚያ በኋላ ቢሆንም።

አሁን ወደ ሌላኛው በር፣ ወደ ጅቡቲ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው ጂኦፍና ሂላሪ ዌልች የተባሉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ጥቂት ሰው ይዘው ከባብ ኤል መንደብ ዳር ተቀመጡ። ወፎቹ ከየመን ተሻግረው ወደ አፍሪካ ሲገቡ ሊቆጥሩ ነው። በጥቂት ሳምንታት ወደ 246 ሺህ የሚጠጉ አዳኝ ወፎች ቆጠሩ፤ ከዚያ ውስጥ ከ76 ሺህ በላይ የስቴፕ ንስሮች። ከዚያ በፊት ይኼን ያህል ወፍ በዚያ በር እንደሚገባ የጻፈ አልነበረም። የጅቡቲ ዘላን ያውቅ ይሆናል፤ የሚያውቅና የሚጽፍ ግን አንድ አይደለም። ይህን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሚገርመው የሁለቱ ቁጥር መቀራረብ ነው። በመጸው በጅቡቲ 76 ሺህ ገባ፣ በጸደይ በኤላት 75 ሺህ ወጣ፤ ዓመቱ ይለያይ እንጂ። በሌላኛው ወቅት ግን ሁለቱም በር ያን ያህል አይጨናነቅም። ታዲያ ንስሩ በአንድ በር ገብቶ በሌላ በር ይወጣል ማለት ነው? በኋላ ጀርመናዊው ማይቡርግና ባልደረቦቹ ንስሮች ጀርባ ላይ የሳተላይት መሣሪያ አስረው መንገዳቸውን ተከተሉ፤ በ2003 ባሳተሙት ጥናትም እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። በደቡቡ በር ይገባል፣ በሰሜኑ በር ይወጣል፣ ቀይ ባሕርን ይዞራታል። መሣሪያው ያረጋገጠውን ነገር ፍንጩን የሰጡት ወንበር ዘርግተው በዓይናቸው የቆጠሩት ናቸው።

(በነገራችን ላይ ስለ መሣሪያው ካነሳሁ አይቀር፦ በ2019 ሩሲያ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ንስሮች ላይ በሞባይል መልእክት ቦታቸውን የሚናገር መሣሪያ አስረው ነበር። «ሚን» የተባለችው ንስር በጋውን ካዛኪስታን ውስጥ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ከረመች። መልእክቷ ተጠራቀመ። ከዚያ ኢራን ስትገባ ያንን ሁሉ በሮሚንግ ዋጋ በአንድ ጊዜ ላከችው፤ የሰዎቹ ገንዘብ አለቀ። ሕዝብ አዋጥቶ፣ የስልክ ኩባንያውም ዕዳውን ትቶላቸው ተረፉ። ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመለስ ካርዳችሁ የሚያልቅባችሁ ወዳጆቼ ይኼን ንስር ትረዷታላችሁ።)

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንግባ። እኛ ሰዎች አዳኝ ወፍ አናይም ነበር ወይ? እናያለን እንጂ! አያቶቻችን ከማንም በላይ ያዩ ነበር። እያዩ ግን አይቆጥሩም፤ ይተረጉማሉ። ገዴ የምትባለውን ወፍ የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም። ገድ ማለት ዕድል ነው። መንገድ የጀመረ ሰው ገዴን ሲያገኝ ቆም ብሎ ያያታል፦ ፊቷን ሰጠችው ወይስ ጀርባዋን? እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው የሐበሻ ጉዞ መጽሐፉ ይህንኑ ጽፎታል፤ የወፏን ስም እንደሰማው አድርጎ፣ ትንሽ ጭልፊት ናት፣ ሰዎቹ አይገድሏትም፣ ፊቷን ሰጥታ ከቆየች መልካም ነው ይላሉ ብሎ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ተቀምጦ አእዋፍ ሲሰበስብ፣ በደጋችን የሞላውን ቀይ ጅራቱን ጭልፊት ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ «አውጉር» ብሎ ሰየመው። በላቲን አውጉር ማለት ወፍ አይቶ ገድ የሚናገር የሮማ ጠንቋይ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ እስከ ዛሬ ያው ነው።

ከሩፔል በፊት ጄምስ ብሩስ አለ። በ1770 ወደ ጎንደር ሲመጣ ሊማሊሞ ላይ ስለደረሰበት ነገር የጻፈውን ለተማሪዎቼ ሁሌ እነግር ነበር፣ ታስታውሳላችሁ። አሽከሮቹ የፍየል ሥጋ እየቀቀሉ ሳለ አንድ ግዙፍ ወፍ ከሰማይ ወርዶ፣ መጀመሪያ ከፈላው ድስት ሊያወጣ ሲል አቃጠለው፣ ከዚያ ከገበታው ላይ እግርና ወርች ይዞ ሄደ። ይመለሳል አሉት፤ እውነትም ተመለሰ። ብሩስ ጠብቆ ተኩሶ ጣለው። መዘነው፦ 22 ፓውንድ፣ ማለትም 10 ኪሎ ገደማ። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ ሁለት ሜትር ተኩል። ስሙን ሰዎቹ ንስር ወርቅ አሉት ብሎ መዘገበ። ዛሬ ሲታይ ወፉ ጢም ያለው ትልቁ አጥንት ሰባሪ አሞራ ነው። ሌላ ደግሞ «ራሃማ» ብሎ የግብጽ ጥንብ አንሳንም ሥዕሉን አስገብቷል።

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዳንግላ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ሻለቃ ቺዝማን ጣናን ዙሪያውን ዞሮ በ1936 መጽሐፍ አሳትሟል። ቆንስል ይሁን እንጂ ልቡ ወፍ ላይ ነበር፤ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ወፎች ሰብስቦ ዝርዝራቸውን ለብቻው አሳትሟል። በ1971 ደግሞ ኤሚል ኧርባንና የአዳኝ ወፎች ሊቅ የነበረው ሌስሊ ብራውን የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ አወጡ። ኧርባን እዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር።

እነዚህን ሁሉ የደረደርኩት እውቀቴን ለማሳየት አይደለም። አንድ ነገር እንድታዩልኝ ነው። ከብሩስ እስከ ኧርባን ሁለት መቶ ዓመት ነው። በነዚህ ሁለት መቶ ዓመታት ምን ወፍ እንዳለ ተጻፈ። ስንት እንዳለ ግን አይደለም። «አለ» የሚለውን ቃል ብትጽፈው ወፉ ካለቀ በኋላም ወረቀቱ ላይ ይኖራል። ስንት እንደነበረ ካልተጻፈ ግን ማነሱን በምን ታውቀዋለህ?

ቆጠራ ወደኛ የመጣው በውሃ ወፎች በኩል ነው። የውሃ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራ በ1967 ተጀመረ፤ የአፍሪካው ክፍል በ1991። በየዓመቱ ጥር ላይ በአንድ ሰሞን በየአገሩ ሰዎች ሐይቅና ረግረግ ዳር ቆመው ይቆጥራሉ። እኛ አገር ይህን ሲያስተባብር የኖረው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው፣ በ1966 የተቋቋመው። በ1996 ማኅበሩ ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 የኢትዮጵያ ቦታዎችን በመጽሐፍ አወጣ። ጣና ዙሪያ ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሰዎችና ጀርመኖች ስለ ክሬን፣ ያቺ አንገተ ረጅም ግራጫ ወፍ፣ ብዙ ሠርተዋል። ክሬን ከአውሮፓና ከሩሲያ መጥታ ጣና ዳር በአሥር ሺዎች ትከርማለች፤ ቀን የገበሬውን ሽምብራና ጓያ ስትለቅም ውላ፣ ማታ ውሃ ውስጥ ቆማ ታድራለች። ስለዚህ የሚቆጥሯት ማታ ወደ ማደሪያዋ ስትገባ ነው። በ2015 ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሲባል የነዚህ ሰዎች ድካምም አለበት።

እኔ በዚህ ነገር ውስጥ የገባሁት በአጋጣሚ ነው። አብሮኝ የሚያስተምር የባዮሎጂ ሰው ጥር ላይ «ሽሽር ረግረግ ወፍ ልንቆጥር ነው፣ የሚጽፍ ሰው ጠፋ፣ የአንተ የእጅ ጽሑፍ ደኅና ነው» አለኝ። በእጅ ጽሑፌ ተመርጬ ሄድኩ! ቦቲ ጫማ ተውሼ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ገብቼ፣ እሱ በቴሌስኮፕ እያየ የሚጠራውን እጽፋለሁ። ያኔ ሽሽር ላይ ውሃ ነበር። ወለላም ላይ። የዳክዬው ድምፅ ንግግር ያቋርጥ ነበር።

ከዚያ ቆይቶ፣ አንድ መጋቢት ላይ፣ ከክበቡ ተማሪዎች ጋር አዳኞቹን እንሞክር አልን። ይኼን የምታስታውሱ አላችሁ፣ ስማችሁን አልጠራም። ከከተማው ወጣ ብለን ሜዳው ቁልቁል የሚታይበት ኮረብታ ላይ ወጣን። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አንድ ብቻ ነበረን፤ በየተራ ነው። ረፋድ ላይ መሬቱ ሲግል ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሰማዩ ውስጥ የሚፈላ ድስት የመሰለ ሽክርክሪት። ሁለት ተማሪ ለየብቻ እንዲቆጥሩ አደረግሁ። አንዱ «አርባ» አለኝ። ሌላኛዋ «መቶ አርባ!» ተጣሉ። ማንን ልመን? የባዮሎጂው ባልደረባዬ ሳቀና፣ «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ሲሽከረከሩ አይቆጠሩም፤ አንዱን አምስት ጊዜ ነው የምትቆጥሩት። ከላይ ደርሰው መስመር ይዘው ሲንሸራተቱ ጠብቁ፣ ያኔ ሰልፍ ነው» አለ። ጠበቅን። እውነትም እንደ ትምህርት ቤት ሰልፍ አንድ በአንድ ወጡ። የኤላቶቹም የሚያደርጉት ይኸው ነው፤ በእጃቸው በአውራ ጣት የሚጫኗት መቁጠሪያ ይዘዋል፣ የመነኩሴው ዓይነት አይደለችም፣ ቀጭ ቀጭ የምትለዋ።

ያን ቀን ቁጥሩ ደብተር ላይ ተጻፈ። በዓመቱ እንደግመዋለን አልን። አልደገምነውም። ፈተና ነበር፣ ከዚያ ስብሰባ፣ ከዚያ ባልደረባዬ ተዛወረ። ደብተሩ ቢሮ ተቀመጠ፤ ቢሮው ሲታደስ የድሮ ወረቀት ተብሎ ከሌላው ጋር ወጣ። ማንንም አልወቅስም፤ ወደ ቤቴ ይዤው መሄድ እችል ነበር። ልጁ በስልክ ሲጠይቀኝ ዝም ያሰኘኝ ይኼ ነው። የሚቆጥራቸው አለ ወይ ላለኝ መልሱ «አንድ ቀን ቆጥረናቸው ነበር፣ አንተም ነበርክ» ነው። እሱ ራሱ ያ «አርባ» ያለው ልጅ ነው።

አሁን ሜዳው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ከወረታ ርቃችሁ የቆያችሁ ብዙ ናችሁና። ፎገራ በኛ ልጅነት የላም አገር ነበር። ርብና ጉማራ ክረምት ላይ ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል፣ ውሃው ሲሸሽ ሣር ይተዋል፣ የፎገራ ላም ያንን በልታ ነው ስሟ የወጣው። በደርግ ዘመን ሩዝ መጣ። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግናና ሻጋ በሚባሉት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሞከሩት። እስከ ዛሬ የሚዘራው «ኤክስ ጅግና» ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ገበሬው ጠላው፤ ቆይቶ ግን ጤፍ የሚያበሰብሰው ውሃ ለሩዝ በረከት መሆኑን አየ። ዛሬ ወረታ የሩዝ ከተማ ናት፣ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። ብዙዎቻችሁ የተማራችሁት በዚያ ሩዝ ነው፤ ሩዝን ልረግም አልመጣሁም።

ግን ሽሽር የለም። የጣና ረግረጎችን ያጠኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ያለውን ሲያስተያዩ ሽሽር ከ1,557 ሄክታር ወደ 136 ሄክታር ወርዶ አገኙት። ወለላ ከ298 ወደ 159። ዳር ዳሩ ታረሰ፣ መሐሉ በፓምፕ ለሽንኩርትና ለሌላው መስኖ ተቀዳ። 1987! እነ ዌልች ጅቡቲ ተቀምጠው 76 ሺህ ንስር በሚቆጥሩበት ዓመት ሽሽር ገና ሙሉ ነበር። ከነዚያ ንስሮች ስንቱ ሽሽር ዳር አረፈ? ረግረግ ለጭልፊትም ለንስርም ማዕድ ነው፤ እንቁራሪቱ፣ ዓሣው፣ አይጡ፣ የታመመው ዳክዬ። ሃሪየር የሚባሉት ቀጫጭን ጭልፊቶች ደግሞ ማታ ዛፍ ላይ አይሰፍሩም፣ ረጅም ሣር ውስጥ መሬት ላይ ተሰብስበው ነው የሚያድሩት። ሣሩ ሲታረስ የት እንደሚያድሩ ራሳችሁ ገምቱ።

አንድ ጊዜ ዋገጠራ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ አያ እያልን የምናከብራቸው፣ ስንቆጥር አይተው መጡ። «መምህሩ፣ አሞራ ብትቆጥር ደመወዝ ይጨመርልሃል?» አሉኝ። የለም አያ አልኳቸው። «ታዲያ ለኔ ምን ይሠራልኛል?» ስለ አይጥ ነገርኳቸው፤ ጭልፊት አይጥ እንደሚበላ። አልረኩም። «ጭልፊት አይጥ መብላቱን አንተ ነህ የምትነግረኝ?» አሉና ትንሽ ቆይተው፣ «ድሮ ጤፍ አጭደን ነዶ ስናነሳ ከላያችን አይጠፋም ነበር፤ ከነዶው ሥር አይጥ ሲወጣ ለመያዝ። አሁን የለም። አይጡ ግን አለ» አሉ። ይህ ቃላቸው እኔ ዘንድ ትዝታ ነው። በየዓመቱ አንድ ቁጥር አብሮት ቢጻፍ ኖሮ ማስረጃ ይሆን ነበር።

ማስረጃ ስል የቀለድኩ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ጭልፊት ተራራ የሚሉት ቦታ አለ። አዳኞች በየመጸው ተራራው ላይ ቆመው የሚያልፈውን ጭልፊት ለጨዋታ ይረፈርፉት ነበር። በ1934 ሮዛሊ ኤጅ የምትባል ሴት ተራራውን ተከራየችውና ሞሪስ ብራውን የተባለ ጠባቂ ቀጠረች። ጠባቂው እዚያ መቆሙ ካልቀረ በየቀኑ የሚያልፈውን ቆጠረ። ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ሬቸል ካርሰን በ1962 ስለ ዲዲቲ መርዝነት ስትጽፍ፣ ከማስረጃዎቿ አንዱ የዚያ ተራራ ቆጠራ ነበር፦ ትልልቆቹ ንስሮች ያልፋሉ፣ ወጣቶቹ ግን እየጠፉ ነው። እንቁላሉ አይፈለፈልም ማለት ነው። በ1972 አሜሪካ ዲዲቲን ከለከለች። እኛ ፎገራዎች ዲዲቲን በወባ ርጭት እናውቀዋለን፤ ወባ የገደለብን ሰዎች ስለነበርን ረጪው ሲመጣ ደስ ነበር የሚለን። ዛሬ በሽንኩርቱና በሩዙ ላይ የሚረጨው ሌላ ነው፤ ስሙን የማያነብ ሰው በእጁ ቀላቅሎ ሲረጭ አይቻለሁ።

ኤላት ላይ ከ1985 በኋላ የተቆጠሩት የስቴፕ ንስሮች ከዚያ ቁጥር በእጅጉ አነሱ። በ2015 ንስሩ በዓለም አቀፉ መዝገብ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ጋር ገባ። ራሃማ፣ ብሩስ የሳለው ነጩ ጥንብ አንሳ፣ ከሱ ቀድሞ በ2007 ገብቷል። የኤሌክትሪክ መስመር ይገድላቸዋል፤ ሱዳን ፖርት ሱዳን አጠገብ በ1950ዎቹ የተዘረጋ አንድ አጭር መስመር ለብዙ አሥርት ዓመታት ጥንብ አንሳ ሲፈጅ ኖሮ በ2014 ነው የተቋረጠው። ይኼ ሁሉ የታወቀው በመንገዱ ጫፍ ስለተቆጠረ ነው። ጫፉ ላይ ጎደለ። የጎደለው ግን የት ነው? ካዛኪስታን ሲፈለፈሉ ነው? መንገድ ላይ ነው? ወይስ በሚከርሙበት ስድስት ወር፣ ማለትም በኛ ሜዳ? በዚህ በኩል የሚመሰክር ወረቀት የለንም። ሃያ ዓመት መጋቢትን እዚያ ስኖር ለአዳኝ ወፍ ብሎ ከኮረብታ ላይ ወንበር የዘረጋ አላየሁም፤ ከኛ ከአንዲቷ ቀን በስተቀር።

አሁን ያለንበት ጊዜ ኮረብታ ላይ መነጽር ይዞ የሚወጣበት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ማንም ወጥቶ ችግር ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም። ከግቢው፣ ከትምህርት ቤቱ በረንዳ፣ ከሩዝ መጋዘኑ ደጅ ሰማይ ይታያል። አዲስ ዘመንን አልፎ ካለው አሞራ ገደል ሥር የሚኖር ደግሞ ስሙ ራሱ ይነግረዋል።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። በዚያ መጋቢት ከኛ ጋር ኮረብታ የወጣችሁ ልጆች፣ ማስታወሻችሁ ላይ የገለበጣችሁት ቁጥር ካለ፣ በቁራጭ ወረቀትም ቢሆን፣ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። «መቶ አርባ» ያልሽው ልጅ፣ አንቺ ሁሉን ነገር ትጽፊ ነበር፤ ዛሬ ነርስ እንደሆንሽ ሰምቻለሁ። ደብተርሽን እናትሽ ቤት ፈልጊልኝ። ዓመተ ምሕረቱም አጠራጥሮኛል። ኤላት ያለውም ልጅ እየጠበቀ ነው፤ እዚያ ለሚቆጥሩት ሴትዮ እነግራታለሁ ብሎኛል።

በጻፍኩት ውስጥ ስህተት ያገኛችሁ ባዮሎጂዎች ከታች አርሙኝ፣ አልቀየምም።